ጀሪፍ ላይ የካሜራ ሴንሰር ሲበላሽ

ከ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፊት ጀሪፍ በካርቱም ሐበሾች በብዛት ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር። በዚህ ሰፈር ፎቶ አንሺ ሥራ አያጣም ነበር። ሠርግ ነበር፣ ክርስትና ነበር፣ ለሰነድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ከሁሉም በላይ አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ ፎቶ ነበር። ልጇን ለዓመታት ያላየች እናት ከስቶ ይሁን ወፍሮ የምታውቀው ከዚያ ፎቶ ነው። ስለዚህ ካሜራ ሲበላሽ የፎቶ አንሺው እንጀራ ይቆማል፣ የሠርገኞቹም ቀን ዳግም አይመጣም። ጠጋኙ ካሜራውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ወንድሜ፣ ሴንሰሩ ሄዷል፤ መቀየር አለበት፤ ትንሽ ትጠብቃለህ» ሲል ያቺ «ትንሽ» ስንት ወር እንደምትሆን ማንም አያውቅም። ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ዕቃ ምንነት ሳያውቅ ይጠብቃል፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ዕቃ ለማስተዋወቅ ነው።

የካሜራውን ሌንስ ፈትታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ፣ ከሻተሩ መጋረጃ ኋላ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጭ አራት ማዕዘን አለ። ሴንሰሩ እሱ ነው። ፉል ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ይህም የድሮው ጥቅል ፊልም የአንድ ፎቶ ልክ ነው። ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ በዚያች ገጽ ላይ በአግድም 6000፣ በቁም 4000 ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች ተደርድረዋል። አንዷ ነጥብ 6 ማይክሮን ገደማ ናት፤ የሰው ፀጉር ከእሷ ወደ 10 እጥፍ ይወፍራል።

ነጥቦቹ የተሠሩት ከሲሊከን ነው። ብርሃን ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ይፈነቅላል። ብርሃን ኤሌክትሮን የሚፈነቅልበትን ሕግ አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያብራራው ሲሆን የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። ሻተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ በእያንዳንዷ ነጥብ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይጠራቀማሉ፤ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ባረፈበት ብዙ፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ባረፈበት ጥቂት። ከዚያ ክምችቱ ይለካና ወደ ቁጥር ይለወጣል። ነጥቦቹ ራሳቸው ቀለም አይለዩም፤ የሚያውቁት ብዛትን ብቻ ነው። ቀለም የሚመጣው በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ ነው። በየነጥቡ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል፤ የሰው ዓይን አረንጓዴን አብልጦ ስለሚለይ ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው። የጎደለውን ቀለም ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላል።

የዚህ ሁሉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የፈለሰፉት ሲሲዲ የተባለ ቺፕ ነው። በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በሲሲዲ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ቦይልና ስሚዝ የ2009ን የፊዚክስ ኖቤል ግማሽ ተካፍለዋል። በ1990ዎቹ ኤሪክ ፎሰምና ባልደረቦቹ በናሳው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲሞስ የሚባለውን ዓይነት አሻሻሉት፤ ዛሬ በስልካችንም በካሜራችንም ያለው እሱ ነው።

የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት ከጀሪፍ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በጀሪፍ የዓባይ ዳርቻ የጡብ ምድጃዎች ነበሩ፤ ጡቡ የሚሠራበት ጭቃ ወንዙ ከእኛው ደጋ ጠርጎ የወሰደው አፈር ነበር። ሠራተኞች ረድፍ ሠርተው ጡብ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ መኪና ላይ ሲጭኑ አስቡ። ሲሲዲ እንደዚያ ነው፦ እያንዳንዱ ነጥብ ክምችቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ቆጣሪው መጨረሻ ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። በመሃል አንዱ ቢታመም ከእሱ ኋላ ያለው ረድፍ ሁሉ ይበላሻል፤ ቆጣሪው ቢታመም ደግሞ አንድም ጡብ አይቆጠርም። በሲሞስ ግን እያንዳንዱ በቆመበት የራሱን ቆጥሮ ያስታውቃል።

ይህ ልዩነት ከታወቁት ትልልቅ የሴንሰር ብልሽቶች አንዱን ለመረዳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ሶኒ ቀደም ባሉት ዓመታት የሠራቸው ብዙ የሲሲዲ ሴንሰሮች እንከን እንዳለባቸው አስታወቀ። ሶኒ ለሌሎችም ይሸጥ ስለነበር ችግሩ የራሱን ካሜራዎች ብቻ ሳይሆን ካኖንን፣ ኒኮንን፣ ፉጂፊልምን፣ ኦሊምፐስንና ኮኒካ ሚኖልታን ነካ። ለምሳሌ በየሰዉ እጅ የነበረችው የካኖን ፓወርሾት ኤ70 ከተነኩት መካከል ናት። ስሕተቱ በብርሃን ተቀባዩ ላይ አልነበረም፤ ሴንሰሩን ከውጭ ጋር የሚያገናኙት ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ከተያያዙበት ይላቀቁ ነበር። ያን ጊዜ ፎቶው ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ወይም ጭልም ይላል። ኩባንያዎቹ ብልሽቱ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ባለበት እንደሚታይ ገልጸው የዋስትና ጊዜው ያለፈበትንም ካሜራ ሴንሰሩን በነፃ ለመቀየር ቃል ገቡ። ቃሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚሠራው ካሜራውን የኩባንያው ጥገና ማዕከል ድረስ ማድረስ ለቻለ ሰው ነው። ዕቃውን የሚጎዳው ሙቀት በበዛበት አገር ማዕከሉ ሩቅ መሆኑ እስከ ዛሬም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ሙቀት ጤነኛውንም ሴንሰር ያስቸግራል። ብርሃን ባይኖርም ሲሊከን በሙቀት ብቻ ጥቂት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍሰት በእጥፍ ያህል ያድጋል። ካርቱም በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ጊዜ የሌሊት ፎቶ ላይ ቀይና ነጭ ነጥቦች ቢበዙ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ደግሞ ሌንስ ለመቀየር በተከፈተች አንዲት ቅጽበት ይገባል። ከሁለቱም የከፋው ግን በሠርግ አዳራሽና በሙዚቃ ድግስ የሚበራው ሌዘር ነው። ጨረሩ ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ከገባ በሰከንድ ክፋይ ነጥቦችን አቃጥሎ ከላይ እስከ ታች መስመር ይጥላል፤ ይህ ጉዳት በጽዳትም በማስተካከልም አይመለስም። መስተዋት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ካሜራው በበራበት ጊዜ ሁሉ ለብርሃን ክፍት ስለሆነ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ሴንሰሩ ሄዷል» ከሚባሉት ካሜራዎች ብዙዎቹ ሴንሰራቸው ደህና ነው፤ ይህን መለየት ደግሞ በእጃችን ነው። ፎቶው በካሜራው ስክሪን ላይ ብቻ ከተበላሸና በኮምፒውተር ሲታይ ደህና ከሆነ የታመመው ስክሪኑ ነው። ግማሹ ፎቶ ግራጫ ሆኖ ከተቆረጠ መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱን ቀይሩ። በፈጣን ሻተር ስታነሱ ከፎቶው ዳር ጥቁር ሰንበር ታይቶ በዝግታ ሲነሳ ከጠፋ፣ የሻተሩ መጋረጃ ደክሟል፤ ሻተር ከሴንሰር በብዙ የሚረክስ ጥገና ነው። በፍላሽ ስታነሱ ብቻ የሚመጣ ጥቁር ሰንበር ደግሞ ብልሽትም አይደለም፤ የሻተር ፍጥነታችሁ ካሜራው ከፍላሽ ጋር ከሚጣጣምበት ፍጥነት በላይ ሆኗል፣ ወደ 1/200 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት።

አቧራን ለመለየት አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሡ። ዳራቸው የደበዘዘ ጥቋቁር ነጥቦች ከታዩ፣ አፐርቸሩ ሲከፈት ከጠፉ፣ ሌንስ ሲቀየርም በቦታቸው ካሉ፣ አቧራ ነው፤ ያረፈውም በራሱ በሲሊከኑ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው መከላከያ መስታወት ላይ ነው፤ ይጸዳል። የተቃጠሉ ነጥቦችን ለማየት የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በጨለማ ለ30 ሰከንድ አንሡ። በየፎቶው በዚያው ቦታ የሚደጋገሙ ብሩህ ነጥቦች ጥቂት ከሆኑ አያስጉም፤ ማንኛውም ሴንሰር አለው፤ ብዙ ካሜራዎች ነጥቦቹን መዝግበው በጎረቤታቸው ቁጥር የሚተኩበት ፕሮግራም አላቸው። በካርድም በሌንስም በሻተር ፍጥነትም የማይለወጥ መስመር ወይም የተዛባ ቀለም ከቀረ፣ ያኔ ወይ ሴንሰሩ ነው፣ ወይ ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ገመዱ መጀመሪያ ይፈተሽ።

ሴንሰሩ መሆኑ ከተረጋገጠ መቀየሩ ቀላል አይደለም። በኒኮን ኤፍ ካሜራዎች ከሌንስ መግጠሚያው ቀለበት እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካኖን ኢኤፍ 44 ነው። ስሕተቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ ካለፈ ካሜራው ያተኮረበትን ስቶ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያጠራል። ሴንሰሩ በትንሹ ካዘመመ የፎቶው ግራ ጥርት ብሎ ቀኙ ይደበዝዛል። ከተገጠመም በኋላ የአዲሱን ሴንሰር ነጥቦችና የቀለም ጠባይ ለካሜራው የሚያሳውቀው ፕሮግራም ያለው በካሜራ ሠሪው እጅ ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ከሞተ ካሜራ ሴንሰር ነቅሎ ሌላው ላይ ሲገጥም አይቻለሁ፤ ፎቶም አነሣ። እጁን አደንቃለሁ። ነገር ግን ያለ መለኪያና አቧራ በሞላበት ክፍል የተሠራ ሥራ ለጉርድ ፎቶ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለሠርግ አያስተማምንም።

መጠበቁ የሀብታምም ዕጣ ነው። ላይካ ኤም9 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ እጅግ ውድ ካሜራ ነበር፤ የሴንሰሩ ፊት መስታወት እየተበላ ነጫጭ ነቁጥ ይታይበት ጀመር። ኩባንያው በ2014 በነፃ እቀይራለሁ አለ፤ የማይበላ መስታወት ያለው አዲስ ሴንሰር እስኪዘጋጅና ተራ እስኪደርስ ባለቤቶቹ ለወራት ጠበቁ። በኋላም የነፃው ጊዜ አበቃ፣ ቀጥሎ መለዋወጫው ራሱ አለቀ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 የጃፓኗን ኩማሞቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት እዚያ ያለው የሶኒ የሴንሰር ፋብሪካ ለሳምንታት ቆመ፤ የሌሎች ኩባንያዎች አዳዲስ ካሜራዎችም አብረው ዘገዩ። ሴንሰር የሚሠራው በጥቂት ፋብሪካዎች ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲቆም ወረፋው ዓለምን ይዞራል።

ጀሪፍ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም ነበረበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ አገሪቱን ከባንክ መንገድ አስወጥቷት ነበር፤ ማዕቀቡ ከተነሣም በኋላ ባንኮች ሱዳንን መፍራት አልተዉም። በካርድ ከፍሎ መለዋወጫ ማዘዝ የማይቻልበት ከተማ ነበር። ስለዚህ ካሜራው በመንገደኛ እጅ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር፤ ገንዘቡም በሌላ ሰው እጅ ይከተለው ነበር። የሚወስደው ሰው ጉዞው ሲዘገይ፣ የሚቀበለው ስልክ ሲያጠፋ፣ ጠባቂው የተውሶ ካሜራ ይዞ ሠርግ ያነሣ ነበር፤ ካላገኘ በስልኩ ያነሣ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ብዙ ሐበሾች ወደ መተማና ወደ ሌላም አቅጣጫ ተሰደዱ፤ ካሜራ የሚያህል ዕቃ ይዞ ኬላ ማለፍ ለብዙዎች የሚታሰብ አልነበረም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ኩባንያ የራሱ እንከን የሆነን ሴንሰር በነፃ ልቀይር ሲል ካሜራውን ከሩቅ አገር የማስመጫውንም መንገድ አብሮ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ያ እስኪሆን ድረስ እናንተ፣ የትም ከተማ ሆናችሁ ካሜራችሁን በሰው እጅ የምትልኩ፣ የመለያ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። ብልሽቱን የሚያሳዩ ያልተነካኩ ፎቶዎችን አብራችሁ ላኩ። ጠጋኙን የሚገጥመው አዲስ ነው ወይስ ከሌላ ካሜራ የተነቀለ፣ ከገጠመስ በኋላ በምን ያስተካክለዋል ብላችሁ ጠይቁ። ተመልሶ ሲመጣም ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አፐርቸሩን ከፍታችሁ ጽሑፍ የበዛበት ግድግዳ ፊት ለፊት አንሡና አራቱም ማዕዘን እኩል መጥራቱን አረጋግጡ።