ሰንሰለቱና ባለሰንሰለቱ

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ፊልሞች ሲሰጥ የቆየው ሽልማት «ጉማ» ይባላል። ስሙን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ምሥጢሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ስሙን ስላወረሰው ፊልምና ፊልሙ ስለሚያሳየው ሕዝብ ጥቂት ቃል እንናገራለን።

«ጉማ» በ1960ዎቹ በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት የተሠራ ፊልም ነው። ታሪኩም ነፍስ አጥፍቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ የደም ካሳ እየለመነ ስለሚዞር ሰው ነው።

ጉማ በኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት የደም ካሳ ማለት ነው። ሰው ሲገደል የሟች ወገን ለበቀል እንዳይነሣ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ። ካሳው ለአንድ ሰው የሚከብድ ስለሆነ የገዳዩ ዘመድ ያዋጣል፤ ቀድሞም ገዳዩ ራሱ ሰንሰለት አጥልቆ በየገበያውና በየመንደሩ ይለምን ነበር። ካሳው ሲከፈልና የዕርቁ ሥርዓት ሲፈጸም ቂሙ ይሻራል። ዛሬ ነፍሰ ገዳይን የሚቀጣው የመንግሥት ፍርድ ቤት ቢሆንም፣ የጉማ ዕርቅ በብዙ የኦሮሞ አካባቢዎች እስካሁን አልቀረም።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የካ የሚለው ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ፣ የኤካ ስም ነው። በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ በእንጦጦ ግርጌ ከመቆርቆሯ በፊት እነዚህ ኮረብቶች የእነርሱ መኖሪያ ነበሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመንም አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። «የዓይን ቁራኛ» ስንል የምንጠራው ይህንኑ ልማድ ነው።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1958 ስታንሊ ክሬመር ያዘጋጀው «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» የተባለ ፊልም በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ እስረኞች ሲያመልጡ ያሳያል። ጥቁሩን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሲድኒ ፖይቲየ፣ በዋና ተዋናይነት ለኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ነገር ግን በፊልሙ መጨረሻ ጥቁሩ እስረኛ ባቡር ላይ ከወጣ በኋላ፣ ለነጩ ጓደኛው ሲል ነጻነቱን ያጣል። ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፉ ይህንን ነቅፏል፤ ነጩ ተመልካች ሲጽናና፣ ጥቁሩ ተመልካች በቁጣ ወደ ባቡሩ ተመለስ ይል ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ተረስቶ የኖረን ሕዝብ በሸራ ላይ ማሳየት መልካም ጅምር ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰንሰለቱን ብቻ ያየ ተመልካች ይህ ሕዝብ ጨካኝ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ከሰንሰለቱ ጀርባ ያሉትን ሽማግሌዎች፣ ካሳውን የሚያዋጣውን ወገን፣ የሟችንም ቤት ኀዘን የተመለከተ ግን ሰንሰለቱ ደም በደም እንዳይመለስ የተበጀ ሕግ መሆኑን ይረዳል።

ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፤ ስለ እስረኛ የሚተርክ ፊልም ባያችሁ ጊዜ ባለሰንሰለቱ ማን እንደ ሆነ ብቻ አትጠይቁ፤ ሕጉ የማን እንደ ሆነ፣ ዕርቁም ለማን እንደሚጠቅም ጠይቁ። በየካ ኮረብታ ሥር የሚያልፍ ሰውም የረገጠው ምድር የሕግ አገር እንደ ነበረ ያስታውስ።