ያውቁ ኖሯል? መስታወትና ፕላስቲክ ያለ ሙጫ ይጣበቃሉ

መስታወትንና ፕላስቲክን ያለ ሙጫ፣ በሌዘር ጨረር ማጣበቅ ይቻላል። ምሥጢሩ በመካከላቸው ያለው ስስ የብረት ሽፋን ነው። በመጀመሪያ የመስታወቱ ገጽ በቲታኒየም ይለበጣል፤ የሽፋኑ ውፍረት ከ1 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር 1/1000ኛ ያነሰ ነው። ከዚያም ፕላስቲኩ ተደርቦ ይጫናል። ለዓይን የማይታየው ጨረር መስታወቱን ብዙም ሳያግል አልፎ ብረቱ ላይ ሲደርስ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይለሰልሳል፤ ቲታኒየሙም ከፕላስቲኩ ካርቦንና ኦክስጅን ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል። ሙቀቱ ከጠባቧ የመገጣጠሚያ መስመር ብዙ ስለማይርቅ፣ አጠገቡ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ቢኖር እንኳ ከጉዳት ይተርፋል።

ተመራማሪዎች ዘዴውን ያጠኑት በተለይ ሰውነት ውስጥ ለሚቀበሩ የሕክምና መሣሪያዎች ነው። ሙጫ ውሎ አድሮ እርጥበት ሊያስገባ ይችላል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን ከሰውነት ፈሳሽ ለዓመታት መጠበቅ አለባቸው።