ከጉሮሮ እስከ ልብ

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ ዳገት ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ የነበረ ልጅ ድንገት ቆሞ ቁጢጥ ካለ፣ ከንፈሩና ጥፍሩም ሰማያዊ ከሆነ፣ «ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። አንዳንዱ ልጅ ደም ወደ ሳንባው የሚሄድበት መንገድ ጠቦ፣ የልቡም ግድግዳ ተበስቶ ይወለዳል። አየር ያላገኘ ደም በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰውነት ይሠራጫል። ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይጨመቃሉ፤ ደሙ በዚያ በኩል መንገድ ሲከብደው ወደ ሳንባ የሚያልፈው ይበረክታል። ማንም ያላስተማረው ሕክምና ነው።

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። በአገራችን ግን የልብ በራቸው (ቫልቭ) ጠቦ ሐኪም ዘንድ ከሚደርሱት ወጣቶች ብዙዎቹ ሲወለዱ ጤነኞች ነበሩ። ጣጣው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም «እንጥሉ ወርዷል» እንላለን፤ እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወስድም አለ። እንጥሉ ምን አጠፋ? አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ መጥቶ በራሱ ያልፋል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ምላጭ አይነካውም። ካልታከመ በአንዳንዱ ልጅ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጉሮሮው ከተረሳ በኋላ፣ ጉልበት ያብጣል፤ እሱ ሲሻል ክርን ይተካል። ቁርጥማቱ ይድናል። ባክቴሪያውን ሊያጠፋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ግን የልቡን በር ጠላት መስሎት አቁስሎታል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር የበሩ ክንፎች ይወፍራሉ፤ ጠርዛቸው ይጣበቃል። በጤነኛ አዋቂ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚከፈተው የግራ ልብ በር 1.5 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። የሚያስከትለው ሳል አስም ወይም ሳንባ ነቀርሳ ይመስላል። አንዳንድ ሴቶች የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ በግማሽ ያህል የሚጨምረውን ደም ጠባቡ በር አይችለውም።

የተጣበቀውን በር በእግር ደም ሥር በገባ ፊኛ መክፈት፣ ወይም በቀዶ ሕክምና መጠገን ይቻላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በጀመሩት ጥረት የተመሠረተው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ነው፤ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። ለገለምሶና ለበዴሳ ሰውም መንገዱ ቅርብ አይደለም።

ቁርጥማቱ አንዴ ለተነሣበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ግን የልብ ቀዶ ሐኪም አይፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ያማል፤ ለዓመታትም ይቀጥላል። ጉልበቱ ዳነ ብላችሁ አታስቋርጡት።