ያውቁ ኖሯል? የሚያበራው ዱቄት

ከወልድያ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ እንደሚዘልቀው ያለ አስፋልት ሲሠራ፣ የአፈሩን ጥቅጥቅነት የሚለካው መሣሪያ ብዙ ጊዜ በሆዱ ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይይዛል። ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ መጨረሻው የቁራሌው ጆንያ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የካንሰር ሕክምና ቤት እጅግ ብርቱ የጨረር መሣሪያ አውጥተው ለብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ ያለው የዚሁ የሲዚየም ዱቄት 93 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራ ግን ዘመድ አዝማድ ተከፋፈለው፤ አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን በነካችው እጇ ምግብ በላች። ነገሩን የገታችው የነጋዴው ሚስት ናት፤ ሰዎች ሲታመሙ ምክንያቱ ዱቄቱ መሆኑን ጠርጥራ ዕቃውን ለጤና ባለሙያዎች አስረከበች። እሷም ሕፃኗም አልተረፉም። በጠቅላላው 4 ሰዎች ሞቱ። ባለሥልጣናት ሰፈሩን አጠሩ፣ 112,000 ያህል ሰው መረመሩ፣ ቤት አፈረሱ፣ አፈር ጠርገው ቀበሩ።

በአገራችን ጨረር አመንጪ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። በራያ ሜዳም ይሁን በሌላ ቦታ፣ ቢጫ መደብ ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት ከባድ ብረት ካገኙ አይክፈቱ፣ አይሸከሙ። ልጆችን ያርቁ፤ ለፖሊስ ይንገሩ። ርቀትዎን እጥፍ ሲያደርጉ የሚደርስብዎት ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል።