«ፕሌዠር» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃልና የአማርኛ አቻዎቹ

«ፕሌዠር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «ደስታ» ይባላል። አቻው ስሕተት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቃሉ በተገኘበት ሁሉ ቢተካ ምስጢር ያፋልሳል። ችግሩ ይበልጥ የሚጐላው፣ ዶናልድ ሌቪን መንዝን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳተመው «ሰምና ወርቅ» ያሉ፣ ስለ አገራችን ኑሮ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሥራዎች ሲተረጐሙ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ምሳሌዎች ግን ከመጽሐፍ የተቀዱ ሳይሆኑ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ኑሮ በመነሣት ለማስረጃ የተዘጋጁ ናቸው።

ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን የሩቅ ምንጩ «ደስ አሰኘ» የሚል ፍች ያለው የላቲን ግሥ ነው። «ፕሊዝ» የተባለው የልመና ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ መነሻ ፍቹ «ደስ ካለህ» ነበር። የቃሉ ዋና ዋና ፍቾች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የስሜት ደስታ። እንግሊዝኛው «ከሽማግሌው ጨዋታ ፕሌዠር አገኘ» ሲል፣ አማርኛው «የሽማግሌው ጨዋታ ደስ አሰኘው» ይላል።

ለ. የአካል ስሜት። የመንዝ እረኛ ከብርድ ገብቶ፣ ባናውን ተከናንቦ እሳት ዳር ሲቀመጥ የሚሰማው «ምቾት» ነው፤ የመርሐቤቴ ቆላ ገበሬ ከአጨዳ ተመልሶ ጠላ ሲጠጣ የሚሰማው «እርካታ» ነው።

ሐ. የድሎት ኑሮ። ለዚህ «ተድላ» ይስማማል፤ ነቀፌታ ሲኖርበት «ተድላ ሥጋ» ይባላል። «ፍሥሓ» እና «ሐሤት» ግን ወደ መንፈሳዊው ደስታ ያዘነብላሉ።

መ. የሥራ ተቃራኒ። ወደ ጓሳ የሚወጣ እንግዳ «ለሥራ ነው ወይስ ለሽርሽር?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «ለደስታ?» አይባልም።

ሠ. ፈቃድ። ከባዱ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስለ ቀድሞው የመሬት ሥሪት ሲነገር «ጉልተኛው ጉልቱን የያዘው በንጉሡ ፕሌዠር ነበር» የሚለውን «በንጉሡ ደስታ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ የሕጉን ነጥብ ያጠፋዋል። ርስት በትውልድ የሚወረስ መብት ሲሆን፣ ርስተ ጉልት ያልሆነ ጉልት ግን ሰጪው ሊነሣው ይችል ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ትርጉም «በንጉሡ ፈቃድ» ወይም «ንጉሡ ደስ እስካለው ድረስ» ነው።

ረ. የትሕትና መልስ። «ማይ ፕሌዠር» የሚለውን «ደስታዬ ነው» ማለት ባዕድ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ለሚል ሰው ባላገሩ «አብሮ ይስጠን» ይላል፤ እንደ አነጋገሩም «ምንም አይደለም» ይበቃል።

ከእነዚህ ፍቾች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። «ደስታ» የሚለው ስም የፈቃድን ፍች አይሸከምም፤ «ደስ አለ» የሚለው ግሥ ግን «ደስ ያለውን ያደርጋል»፣ «ደስ እንዳለህ» በሚሉት አነጋገሮች ስሜትንም ፈቃድንም አጣምሮ ይዟል። ደግሞም «ደስ አለኝ» ሲባል ስሜቱ የደረሰበት ሰው ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሰው የ«ፕሊዝ» ጥንታዊ አገባብም እንደዚሁ ነበር። እንግዲህ ተርጓሚው ለእንግሊዝኛው ስም ሌላ ስም ከመፈለጉ በፊት ግሡን ቢሞክር ይበጃል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም በዚህ ቃል ሥር አቻ ስሞችን ብቻ ሳይሆን «ደስ አለ»ንም ከነአገባቡ ሊያሰፍር ይገባዋል።