አዲሱ ስልክና አሮጌው የመኪና ቴፕ

ከባልደረቦቻችን አንዱ ከአባቱ የወረሰው ኮሮላ ዲኤክስ አለው። የመኪናው ቴፕ ካሴትና ሬዲዮ ብቻ የሚያጫውት ሲሆን ከተገጠመ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ባልደረባችን በቅርቡ አዲስ ስልክ ገዛና በስልኩ ያከማቸውን ሙዚቃ በዚሁ ቴፕ ለመስማት ፈለገ። ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም። በመሆኑም አንዱ ጫፏ ከቻርጀር ቀዳዳው የሚገባ፣ ሌላው ጫፏ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሚቀበል አጭር መቀየሪያ ገመድ ገዛን። ሁሉም በየቦታው ገጠመ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ተመልሰን ብንጠይቅ ሻጩ «ስልካችሁ ነው የተበላሸው» አለን። ስልኩን፣ ገመዷንና ቴፑን በየተራ መረመርን። ሦስቱም ደኅና ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ጠግኖና አድሶ ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ቴፑን አውጥቶ በአዲስ መተካት አንድ መንገድ ነው፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ በእኛ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ድምፁ ወደ ቴፑ በየት በኩል እንደሚገባ መረዳት ነው።

በስልክ ውስጥ ያለ ሙዚቃ የቁጥሮች ክምችት ነው። የተለመደው የሲዲ ጥራት ያለው ቅጂ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ በእያንዳንዱ ጎን 44,100 ቁጥሮች ይይዛል። ድምፅ ማጉያው በበኩሉ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ እያለ ጥቅል ሽቦውን የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ ክፍል የግድ መኖር አለበት። በባለሙያዎች አጠራር ይህ ክፍል ዳክ ይባላል።

ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በነበራቸው ስልኮች ዳኩ እዚያው ስልኩ ውስጥ ስለነበር በቀዳዳው የሚወጣው የተዘጋጀ ቮልቴጅ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ቀዳዳውን አስቀረ፤ ሌሎችም አምራቾች ተከተሉ። ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ የምናየው ሞላላው ዩኤስቢ ሲ 24 መገናኛ ነጥቦች አሉት። ከእነዚህ ሁለቱ ምን ነገር እንደተሰካ ለስልኩ የሚያሳውቁ ናቸው። ርካሹ መቀየሪያ በውስጡ ዳክ የለውም፤ ሁለቱን ነጥቦች ከኔጋቲቩ ጋር በማገናኘት «እኔ የጆሮ ማዳመጫ ነኝ፤ የተዘጋጀውን ቮልቴጅ በመረጃ ሽቦዎቹ ላክልኝ» ብሎ እንደመጠየቅ ያለ ምልክት ይሰጣል። ይህን አሠራር የሚቀበሉ ስልኮች ጥያቄውን ያስተናግዳሉ። ሌሎቹ ግን በዚያ ቀዳዳ ቁጥር ብቻ ስለሚያስወጡ ዝም ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲ የተገጠመላቸው አይፎኖች ከእነዚህ ወገን ናቸው። የእኛም ችግር ይኸው ነበር። ስልኩ ቁጥር ይዞ ቆሟል፤ ገመዷ ቮልቴጅ ትጠብቃለች።

ዳክ ያለውና የሌለው መቀየሪያ በመልክ አይለያዩም። መለያው ቀላል ነው፤ ዩኤስቢ ሲ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ ዳክ ያለው እንደ ድምፅ መሣሪያ ይመዘገባል፤ የሌለው አንዳች ምልክት አያሳይም። ከመግዛት በፊት ሻጩን ይህን ሙከራ እንዲፈቅድ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ቮልቴጁን ወደ ቴፑ ማስገባት ነው። ቴፑ ኦክስ የሚባለው ክብ ቀዳዳ ካለው ድምፁ በቀጥታ ወደ ማጉያው ስለሚደርስ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። አንድ ችግር ግን ያጋጥማል። ስልኩ ከሲጋራ መለኮሻው ኃይል እየሞላ በኦክስ ሲያጫውት፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየቀጠነ የሚወጣ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ምክንያቱ ስልኩና ቴፑ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከመኪናው ኔጋቲቭ ጋር መገናኘታቸው ነው። ዲናሞው የሚፈጥረው የቮልቴጅ ንዝረት በሁለቱ መንገዶች መካከል ጥቂት ጅረት ያዞራል፤ ማጉያውም ይህን ከሙዚቃው ሳይለይ ያጎላዋል። ቻርጀሩን ሲነቅሉ ፉጨቱ ከጠፋ ምርመራው አለቀ። መድኃኒቱ በኦክስ ገመዱ ላይ የሚገባ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው።

ኦክስ ለሌለው ግን ካሴት ለሚያጫውት ቴፕ የካሴት ቅርጽ ያለውን ማገናኛ ከሁሉ አስቀድመን እንመክራለን፤ ብዙዎች ያለፈበት ዕቃ አድርገው ቢንቁትም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባስተዋወቀው ካሴት ላይ ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ በቴፑ ሄድ ፊት ያልፋል። በክሩ ላይ የተቀረጸው መግነጢሳዊ መስክ በሄዱ ጥቅል ሽቦ ውስጥ እየተለዋወጠ ሲያልፍ፣ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው ሕግ መሠረት ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሄዱ የሚያስተውለው የመስኩን መለዋወጥ ብቻ ነው፤ መስኩ ከክር ይምጣ ከሌላ ነገር አይለይም። ማገናኛው ክር የለውም። በክሩ ቦታ ሌላ ትንሽ ሄድ ተቀምጧል፤ የስልኩ ጅረት በዚህ ውስጥ ሲያልፍ መስክ ይፈጥራል፤ ፊት ለፊት የተደገፈው የቴፑ ሄድም ይቀበለዋል። ሁለቱ ሄዶች በሥራቸው ከአንድ ትራንስፎርመር ሁለት ወገን አይለዩም። በመካከላቸው የሽቦ ግንኙነት ስለሌለም፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው የዲናሞ ፉጨት በዚህ መንገድ ወደ ማጉያው አይገባም። የስልኩን ድምፅ ከሙሉው ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ የቴፑንም ሄድ በአልኮል በነከረ ጥጥ መጥረግ ይበቃል።

አነስተኛዋ የኤፍኤም ማሠራጫ በአንጻሩ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚገዛት፣ እኛ ግን በመጨረሻ የምናስባት ናት። ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክታ ሙዚቃውን እንደ አንድ ትንሽ ጣቢያ ታሠራጫለች። ኃይሏ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለምሳሌ በአውሮፓ የተፈቀደው 50 ናኖዋት ብቻ ነው። የኤፍኤም ተቀባይ ከሁለት ተመሳሳይ ድግግሞሽ ካላቸው ሞገዶች ጠንካራውን ይዞ ደካማውን የመጣል ጠባይ አለው። መኪናው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሄድ የእውነተኛው ጣቢያ ኃይል ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ዜና ጥልቅ ይላል። ስለሆነም 97.1፣ 98.1 ወይም 102.1ን ከመሰሉ የታወቁ ጣቢያዎች ራቅ ያለና ባዶ የሆነ ቦታ መምረጥ ያሻል። ባዶ ቦታ ቢገኝም ስርጭቱ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያደርስም።

ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሬዲዮ ያለባቸው መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጃፓን ለረጅም ዘመን ለኤፍኤም የመደበችው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ሲሆን የእኛ ጣቢያዎችና የገበያው ማሠራጫዎች ግን ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱ የሚገናኙት በ87.5 እና በ90 መካከል ብቻ ነው፤ ማሠራጫዋም እዚያ ላይ መስተካከል አለባት። ባለቤቱ የአገር ውስጥ ጣቢያ ለመስማት ከአንቴናው ጋር ኮንቨርተር አስገጥሞ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። ኮንቨርተሩ 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ቢሆን 97.1 በሬዲዮው ላይ 77.1 ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ በ88 ላይ የተስተካከለች ማሠራጫ ወደ 68 ወርዳ ከሬዲዮው ክልል ትወጣለች። ማሠራጫዋ በ96 እና በ108 መካከል ሆና፣ በሬዲዮው ላይ 20 ቀንሶ መፈለግ ነው። «ማሠራጫዋ አትሠራም» ተብሎ የሚጣለው ዕቃ አንዳንዴ ይህ ስሌት ብቻ የጎደለው ነው።

ብሉቱዝ የገመድን ችግር ያስቀራል፤ ከኦክስ ጋር የሚገናኝ የብሉቱዝ ተቀባይ ዳኩን በውስጡ ስለሚይዝ ስለ መቀየሪያው ዓይነት መጨነቅ አይኖርም። ብሉቱዝ ያላት የኤፍኤም ማሠራጫ ግን የኤፍኤምን ድክመት ሁሉ እንደያዘች ናት። ፍላሽ የሚያነብ ቀዳዳ ያለው ቴፕ ስልክ ሲሰካበት «ስህተት» የሚለውም ስልኩ ራሱን እንደ ፍላሽ ስለማያቀርብ ነው፤ ሙዚቃውን በፍላሽ ገልብጦ መሰካት ይበልጥ ይቀላል።

ወደ ዲኤክሱ እንመለስ። መቀየሪያዋን ዳክ ባላት ሌላ ለወጥን፤ ቴፑም ዘፈነ። ነገር ግን በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» እያለ ወደ ሌላው ገጽ ይገለበጥና ዝም ይል ጀመር። የማገናኛው ትናንሽ ማርሾች ሲከብዱ ቴፑ ክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ከፍተን አቧራውን ጠረግንና አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አደረግንበት። ባልደረባችን በማግስቱ ደብረ ብርሃን ደርሶ እስኪመለስ አንድ ጊዜም አልተገለበጠም።