ከባለቤቷ ጎን የቆመችው ሴት

የቆየ ፎቶ ሳገላብጥ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሴቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ኢጋል ዋይት ሐውስን ሲጎበኙ ከተነሡት ፎቶዎች ውስጥ ባለቤታቸው ኤድና አዳን አሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ «ከነባለቤታቸው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ያናድደኛል፤ ወይዘሮ ኤድና ያን ጊዜ በእንግሊዝ የተማሩ ነርስና አዋላጅ ነበሩ፤ መንጃ ፈቃድ በማውጣትም ከሶማሌ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው።

የተወለዱት በ1937 ሐርጌሳ ነው። ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሐኪሙ አባታቸው ለወንዶች ልጆች በቀጠሩት አስተማሪ ዘንድ ፊደል ቆጠሩ። ከእንግሊዝ ተምረው ሲመለሱም ለሴት የሚሆን የሥራ መደብ የለም ተባለና ለወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አውሮፕላን ማብረር የተማሩት ሙሉእመቤት እምሩ አሉን፤ ስንቶቻችን መልካቸውን እናውቃለን?

ሐርጌሳ በ1988 በቦምብ ስትደበደብ ከቤቶቹ ጋር ስንት የቤተሰብ አልበም ጠፍቷል። ስለዚህ የተረፈው ፎቶ ሥር የሰዎቹ ስም ብቻ ሳይሆን ሙያቸውም ሊጻፍ ይገባል። ለወይዘሮ ኤድና የሚጻፈው ብዙ ነው፦ ስልሳን ካለፉ በኋላ መኪናቸውን ጭምር ሸጠው ቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ ሆስፒታል ሠርተው በ2002 ከፈቱ፤ አዋላጆችንም እዚያው ያሠለጥናሉ። ከ2003 እስከ 2006 ደግሞ የሶማሌላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።